አዲስ የኢንዲና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከጎጃም ሆኖ ለመከታተል

ኢንዲ የሚባለው ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ በገለልተኛነት የሚሠራ ሙዚቃ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ዳንግላ ላለ አድማጭ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለመከታተል ዋናው መንገድ ሙዚቀኛውን ብቻ ሳይሆን የሙዚቃ አሳታሚውን መከተል ነው። ትንሽ አሳታሚ ጣዕማቸው የሚቀራረብ ሰዎችን ስለሚሰበስብ፣ አንዱን ማወቅ ብዙዎችን ያስገኛል። ማሲንቆና ክራር ከኮምፒውተር ምት ጋር ሲዋሃድ መስማት የሚወድ ከሚካኤል ሰይፉ፣ ወይም ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም ከሚሠራው እንደገና ሙሉ ይጀምር። የሁለቱንም ሥራ ያሳተመው የዋሽንግተኑ 1432 አር ነው።

ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ በሚሸጡበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ፣ በኢሜይል ተመዝግበው የሙዚቀኛውንም የአሳታሚውንም ገጽ «ፎሎው» ይበሉ። አዲስ ሥራ ሲወጣ መልእክት ይደርስዎታል። ጂሜይል ይህን ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ወይም ስፓም ውስጥ ይጥለዋል፤ የመጀመሪያውን ፈልገው ወደ ዋናው ሳጥን ያዛውሩት። ከአልበሙ ሥር የገዢዎች ምስል ይታያል። አንዱን ነክተው ሌላ ምን እንደገዛ ይዩ፤ ከማንኛውም አውቶማቲክ ጥቆማ ይህ ይሻላል።

በመለያ ቃል ሲፈልጉ «ኤሌክትሮኒክ» ብቻ አይጻፉ፣ በውጤት ብዛት ይዋጣሉ። «አምቢየንት» (ረጋ ያለ፣ ድባብ ላይ ያተኮረ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዓይነት) ወይም የከተማ ስም ይጨምሩበት።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም የአልበም መውጫ ቀን ዓርብ ነው፣ ገለልተኞቹ ሙዚቀኞች ግን በማንኛውም ቀን ያወጣሉ። ከአልበሙ አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ ከተከፈተልዎት ችግሩ የኔትወርክ ላይሆን ይችላል፤ አልበሙ ገና በቅድመ ሽያጭ ላይ ሊሆን ስለሚችል የመውጫ ቀኑን ይዩ።

ለዳታ፦ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት የሚሰማ ድምፅ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ የ40 ደቂቃ አልበም 40 ሜጋባይት ያህል። ቪዲዮ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።