የአሮጌ ሲንጀር ቦቢን መጠንጠኛ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ስኮትላንድ ውስጥ በክላይድባንክ የነበረው ትልቁ የሲንጀር ፋብሪካ የተዘጋው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በዚያ ፋብሪካ የተሠራ 15ኬ የሚባለው የስፌት መኪና (የሲንጀር 15 ዓይነት) ዛሬም በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም በረንዳ ላይ እየተረገጠ ከተገኘ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው ማለት ነው። የዚህ መኪና ሰውነት ብረት ስለሆነ ዕድሜ ብዙም አይጎዳውም፤ ቀድሞ የሚደክመው ከጎማ የተሠራው አካሉ፣ ማለትም የቦቢን መጠንጠኛው (የሥሩን ክር በምትይዘው ትንሽ መጠቅለያ፣ በቦቢን ላይ፣ ክር የሚሞላው ክፍል) ቀለበት ነው።

ሽንሽን ቀሚስ ወይም ወፍራም የካኪ ቁምጣ የሚሰፋ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ ቦቢን ይሞላል። መጠንጠኛው እምቢ ሲለው ክሩን በጣቱ መጠቅለል ይጀምራል፤ በጣት የተጠቀለለ ክር ደግሞ አንዱ ጋ ላልቶ ሌላው ጋ ስለሚጠብቅ ስፌቱ ወጣ ገባ ይሆናል፤ ጥፋቱም በላይኛው የክር ማጥበቂያ ይላከካል። ጤነኛ ማጥበቂያ በዚህ ምክንያት ሲነካካ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመጠንጠኛው አሠራር ግን ቀላል ነው። በጎማ ቀለበት የተሸፈነች ትንሽ መዘውር የትልቁን የእጅ መዘውር ጠርዝ ስትነካ፣ በመተሻሸት ብቻ ኃይል ተቀብላ ቦቢኑ የተሰካበትን ዘንግ ታዞራለች። ጥርስ የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም። በዚህ የተነሳ ዘይት በአንድ ቦታ መድኃኒት፣ በሌላ ቦታ መርዝ ይሆናል፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ብልሽቶች የሚበዙት ሁለቱ ቦታዎች ከመምታታታቸው የሚመጡ ናቸው።

የእጅ መዘውሩ ይዞራል፣ መጠንጠኛው ግን አይዞርም፤ ወይም ክሩ መወጠር ሲጀምር ይቆማል

በመጀመሪያ ቦቢኑን አውጥተው፣ መጠንጠኛውን ከእጅ መዘውሩ አላቅቀው፣ ትንሿን መዘውር በጣትዎ ያሽከርክሯት። ጣትዎን ካነሱ በኋላም ጥቂት ጊዜ በራሷ ከዞረች ዘንጉ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በጎማው ላይ ነው። ወዲያው ቀጥ ካለች ግን ጎማውን ከመንካትዎ በፊት ዘንጉን ማላቀቅ ይኖርብዎታል።

ዘንጉ የሚጠብቀው በደረቀ ዘይት ነው። የስፌት መኪና ዘይት ሲጠፋ ከቤት የኑግ ዘይት አምጥቶ ማጠጣት የተለመደ ነው፤ የኑግ ዘይት ግን አየር ሲነካው ቀስ በቀስ እየጠጠረ እንደ ሙጫ የሚይዝ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ያለሰለሰውን ዘንግ ከወራት በኋላ ያጣብቀዋል። ቡናማና አንጸባራቂ ሆኖ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሰም የሚነሳ ነገር በዘንጉ ጫፎች ላይ ካዩ ይኸው ነው። ከቀለበቱ ርቀው ሁለት ሦስት ጠብታ ላምባ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ያስገቡና፣ ላምባው ዘልቆ እስኪገባ ከጠበቁ በኋላ ወደፊትና ወደኋላ ደጋግመው ያዙሩት። ጥቁር ፈሳሽ መውጣቱን ሲያቆም በጨርቅ ያድርቁና በየጫፉ አንድ ጠብታ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ይጨምሩ። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሁለተኛው ወርዶ ጎማው ላይ ይደርሳል።

ወደ ጎማው እንለፍ። ቀለበቱን በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ተጭኖ ከተመለሰ በሕይወት አለ፤ እንደ ቀንድ ከጠጠረ ወይም መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ካወጣ ሞቷል። ጠፍጣፋ ቦታ የሚያወጣው መጠንጠኛው ሥራ በማይሠራበት ጊዜም ከእጅ መዘውሩ ጋር ተጣብቆ ሲያድር ነውና፣ ማታ መኪናውን ሲሸፍኑ ማላቀቅን አይርሱ። በሕይወት ያለው ቀለበት ዘይት ብቻ ነክቶት ከሆነ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁት። ላምባ ጎማን ስለሚያሳብጥ በእርሱ አይታጠብም። የእጅ መዘውሩን ጠርዝ ግን ላምባ በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ እስኪንጫጫ ድረስ መወልወል ይቻላል።

አንድ ጊዜ ደንበጫ ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ «ይኸ መኪና ዘይት ጠጥቶ አይጠግብም፤ አሁንም አሁንም ያቃስታል» ብለው አቤት አሉኝ። ቀለበቱን ስነካው ጣቴ ረጠበ።

«አያ፣ ጎማውንም ቀቡት እንዴ?»

«ሲጮህብኝ ጊዜ ምን ላድርግ፤ ቀባሁታ!»

ጩኸቱ የዘንጉ ነበር፤ ዘይቱን የጠጣው ግን ጎማው ነበር። ቀለበቱን አጥበን ዘንጉን ስናጠጣ፣ እዚያው ቆመን ሳለ ቦቢኑ ሞላ።

የሞተ ቀለበት መለወጥ አለበት። ለቻይናው ቢራቢሮ መኪና የሚሸጠው ቀለበት ብዙ ጊዜ ለሲንጀር 15ም ይሆናል፤ ምክንያቱም ቢራቢሮ የተሠራው በሲንጀር 15 አምሳል ነው። ያም ሆኖ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳከር ይሻላል። እስኪገኝ ድረስ ከብስክሌት ካላማዳሪ በመዘውሯ ስፋት ልክ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ፣ ወጥሮ መጠቅለልና ጫፉን በጎማ ማጣበቂያ ማያያዝ ይቻላል። መጋጠሚያው በደራረበበት ቦታ መጠንጠኛው እየዘለለ ይዞራል፤ ስለዚህ ጫፎቹን ከማነባበርዎ በፊት በምላጭ ፍቀው ያሳሷቸው።

ጎማውም ዘንጉም ደህና ሆነው አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ፣ ሲዞር መጠንጠኛውን በጣትዎ ጫን አድርገው ይሞክሩ። ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግፊቱ አንሷል ማለት ነው፤ የመጠንጠኛውን እግር የያዘውን ብሎን በካቻቪቴ ላላ አድርገው፣ ሁለንተናውን ወደ እጅ መዘውሩ ጥቂት አስጠግተው መልሰው ያጥብቁት።

ቦቢን በሚሞላበት ጊዜ መርፌው አይቆምም

ክር በሚጠነጠንበት ጊዜ መርፌው እንዲያርፍ በእጅ መዘውሩ መሐል ያለው ትልቅ ክብ ማጥበቂያ ይላላል። ተላልቶም መርፌው ከቀጠለ፣ የእጅ መዘውሩ በደረቀ ዘይት ከተሰካበት የመኪናው ዋና ዘንግ ጋር ተጣብቋል፣ ወይም ከውስጥ ያለው ሮንደላ ተገልብጦ ገብቷል። በማጥበቂያው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይፍቱና ማጥበቂያውን አዙረው ያውጡ፤ ከሥሩ በውጭ በኩል ሦስት ጆሮዎች፣ በውስጥ በኩል ሁለት ጥፍሮች ያሉት ሮንደላ ይወጣል። ከማውጣትዎ በፊት በየት በኩል እንደተቀመጠ ያስተውሉ። መዘውሩን ስበው አውጥተው ዘንጉንም የመዘውሩን ቀዳዳም በላምባ ካጸዱ በኋላ አንድ ጠብታ ዘይት ይቀቡ። ሲመልሱ የሮንደላው ሁለት ጥፍሮች የተጣጠፉት ወደ ውጭ፣ ወደ እርስዎ በኩል መሆን አለበት። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ማጥበቂያው በደንብ አልጠብቅ ወይም አልላላ ካለ አይታገሉት፤ ሮንደላውን አውጥተው በግማሽ ዙር አዙረው ይመልሱት። ትንሿ ብሎን ጆሮዎቹን የምትነካበት ቦታ ስለሚቀየር ማጥበቂያው መላላትም መጥበቅም ይችላል።

ክሩ በአንድ ወገን ይከመራል፣ ወይም ቦቢኑ ይላላል

ክሩ ከክር ጥቅሉ ወርዶ በመኪናው ጠረጴዛ ቀኝ ጥግ ባሉት ሁለት ትናንሽ ሳህኖች መካከል አልፎ ወደ ቦቢኑ ይወጣል። ብዙ ሰው ክሩን በእጁ ይዞ ስለሚሞላ እነዚህ ሳህኖች ሥራ ፈተው አቧራና የክር ጭራሮ ይሰበስባሉ። አንድ ጠንካራ ወረቀት በመካከላቸው አመላልሰው ያጽዱ። ክሩ በቀኝ ተከምሮ በግራ ከሳሳ፣ ሳህኖቹን የያዘውን ብሎን ላላ አድርገው ወደ ሳሳው ወገን እጅግ በጥቂቱ ይግፏቸው፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የበለጠ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ወደ ተቃራኒው ጥፋት ይወስዳል። ጥሩ የተሞላ ቦቢን በአውራ ጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም።

የፖሊስተር ክር በፍጥነት ሲጠነጠን ይለጠጣል፤ ከተሰፋ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ጨርቁን ያሸማቅቃል። የተሸበሸበው ስፌት በመተኮስ የማይቃና ከሆነ፣ እግርዎን አዝግመው ሌላ ቦቢን ሞልተው ይሞክሩ።

ሳይሞላ ይቆማል፣ ወይም ሞልቶ ይፈሳል

በቦቢኑ ሁለት ክፈፎች መካከል የምትገባ ትንሽ ምላስ አለች፤ ክሩ ሲወፍር ይገፋትና መቆለፊያውን ታላቅቃለች። ከእርሷ አጠገብ ያለችውን ብሎን ላላ አድርገው ምላሷን ወደ ቦቢኑ እምብርት ቢያስጠጓት ቶሎ ያቆማል፤ ቢያርቋት ዘግይቶ። ክሩ ከክፈፉ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ሲል ማቆም አለበት። መቆለፊያውን የሚመልሰው ሞላ ከደከመ ግን ምላሷን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ ሞላው ይለወጥ።

ዘንጉ ይዞራል፣ ቦቢኑ ግን ይቆማል

በአሮጌዎቹ መኪናዎች ዘንግ ላይ አንዲት ትንሽ ካስማ አለች፤ በቦቢኑ ክፈፍ ላይ ባለ ቀዳዳ ካልገባች ቦቢኑ በቦታው ይንሸራተታል። ቦቢኑን እየገፉ ካስማዋ ቀዳዳውን እስክታገኝ ያዙሩት። ካስማዋ ተሰብራ ከሆነ ከክሩ በፊት ቁራጭ ወረቀት በዘንጉ ላይ መጠቅለል ለጊዜው ያሠራል።

ቦቢኖች በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቀው የሚቀመጡበት ቤት ሌላም ጣጣ አለው። የሲንጀር 15 ቦቢን ሁለት ጎኖቹ ጠፍጣፋ ሲሆኑ፣ የሲንጀር 66 ቦቢን ጎኖቹ ጥቂት ወደ ውጭ ያበጡ ናቸው፤ ስፋታቸው በዓይን ስለማይለይ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ መጠንጠኛው ላይም ሊሞላ ይችላል፤ የሚያስቸግረው ስፌቱ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣትዎ ጫፉን ይጫኑት፤ የሚወላወለው የ66 ነው።

እንደ ሸማኔ ቀሰም ረጅምና ቀጭን ቦቢን የሚወስዱት ሲንጀር 27 እና 127 ክሩን ወደ ግራና ቀኝ የሚመልስ ክንድ አላቸው፤ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው የልብ ቅርጽ ያለው ብረት ነው። እዚያ ላይ ክሩ በአንድ ቦታ ከተከመረ ብረቱንና ጥርሶቹን በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ነው፤ ክንዱን ማጠፍ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ጥገናው ሲያልቅ ግማሽ ቦቢን ሞልተው፣ በእጥፍ የታጠፈ ካኪ ላይ አንድ ክንድ ያህል ይስፉ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው የሥሩን ስፌት ይመልከቱ።