በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ የግራፊክስ ድራይቨር ቀዳዳ እንዴት ይደፈናል?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ወይም ጌም ቤት ያላችሁ፣ ደንበኛን በተገደበ አካውንት ማስገባት ብቻውን አይበቃም። የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ የግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) በከፊል የሚሠራው ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው፤ ቀዳዳ ካለበት በፍላሽ የመጣ ትንሽ ፕሮግራም በዚያ ሾልኮ የአድሚን ሥልጣን ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ቀጥሎ የሚቀመጠው ተማሪ የሚጽፈው ፓስወርድ ሁሉ ለሌባ ክፍት ነው። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ በኦክቶበር 2024 እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎችን ይፋ አድርጎ ለጂፎርስ ካርዶቹ በድራይቨር ቁጥር 566.03 ደፍኗል።

የያዛችሁትን ለማወቅ ስታርትን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና ዲቫይስ ማናጀር፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ ካርዱን ሁለቴ ክሊክ፣ ከዚያ ድራይቨር የሚለውን ክፈቱ። 32.0.15.6603 የሚል ካያችሁ የመጨረሻዎቹን አምስት አሃዞች ውሰዱ፤ 566.03 ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ለካርዳችሁ የወጣውን የመጨረሻ ድራይቨር ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ አውርዱ። ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ለሌሎቹ ማሽኖች በፍላሽ ማዳረስ ይሻላል። የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ፋይል ይለያያል፤ ከተምታታ አይጫንም። ከሰው የተቀበላችሁት ፋይል ከሆነ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ሲግኒቸርስ የሚለውን እዩ። የኤንቪዲያ ስም ከሌለበት ጣሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲፕ ፍሪዝ (ሪስታርት በተደረገ ቁጥር ኮምፒውተሩን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ፕሮግራም) ላይ ነው። ሳትፈቱት ከጫናችሁ ሪስታርት ሲደረግ አሮጌው ድራይቨር ይመለሳል፤ እናንተ ግን የተደፈነ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ፍቱት፣ ጫኑ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ ቁጥሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ መልሳችሁ ቆልፉ።

ሲጫን ካስተም መርጣችሁ ክሊን ኢንስታሌሽን ላይ ምልክት አድርጉ። ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ቢጨልም አትደንግጡ፣ ማጥፊያውንም አትንኩ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። መሀል ላይ ጠፍቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) ግቡ፤ ድራይቨሩን ከዲቫይስ ማናጀር አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ።

ጂቲኤክስ 600 እና አብዛኞቹ የ700 ካርዶች (750 እና 750 ቲአይ ማክስዌል ከተባለው ተከታይ ትውልድ ስለሆኑ አይመለከታቸውም) ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ አይወጣላቸውም። ድራይቨሩን አጥፉና ካርዱን ንቀሉት፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩ።