ያገለገለ የስካይዳይቪንግ ካሜራ ሄልሜት እንዴት ይመረጣል?

ለስካይዳይቪንግ፣ ማለትም ከአውሮፕላን በፓራሹት ለመዝለል፣ ያገለገለ የካሜራ ሄልሜት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የኔን ካሜራ ይይዛል?" ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የፓራሹት ገመድ ሊይዝ የሚችል ነገር አለው? ገመድ ቢይዘውስ በአንድ እጅ ከጭንቅላቴ ላውለቀው እችላለሁ? ሄልሜቱ እነዚህን ሁለቱን ካላለፈ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሆዱ ተዘርግቶ የሚወርድ ዘላይ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይበራል። ፓራሹቱ ሲወጣ ገመዶቹ ከጀርባ ተነስተው በትከሻና በጭንቅላት አጠገብ ሽቅብ ያልፋሉ። ለስላሳ ሄልሜት ቢነኩ ተንሸራተው ይሄዳሉ። ወጣ ያለ ካሜራ ወይም ረጅም ብሎን ካገኙ ግን ይጠመጠማሉ። ያኔ የሚጎተተው አንገት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር፣ ዩኤስፒኤ፣ ካሜራ ይዞ ለመዝለል ቢያንስ 200 ዝላይ እንዲኖራችሁ ይመክራል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ካሜራ ሐሳብን ይሰርቃል። ሰው ከፍታውን፣ አጠገቡ ያለውን ዘላይና የፓራሹቱን እጀታ መከታተል ሲገባው ምስሉን ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ካሮላይና ልምድ ያለው አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ሌሎችን ለመቅረጽ ከአውሮፕላን ሲዘል የራሱን ፓራሹት አላጠለቀም ነበር። ሕይወቱም አለፈ። ስለዚህ ገና ጥቂት ዝላይ ላይ ከሆናችሁ ሄልሜቱን አሁን ብትገዙም ካሜራው ቤት ይቆይ።

ቀጥሎ ምን እንደምትቀርጹ ወስኑ። ለራሳችሁ ትዝታ ትንሽ አክሽን ካሜራ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ፊት የሚሸፍን ወይም ክፍት የሆነ ቀላል ሄልሜት ይበቃል። ቪዲዮና ፎቶ አንድ ላይ ለማንሳት፣ በተለይ ለሥራ ከሆነ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ትመርጣላችሁ። አገጭ ላይ ካሜራ የሚይዙትን የዊንግሱት፣ ማለትም ክንፍ ያለው ልብስ የሚለብሱ፣ ዘላዮች ይወዷቸዋል። በገበያው ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት የኩኪ፣ የቶንፍላይ፣ የቦንሄድ እና የቱኬ ኮምፖዚትስ ምርቶችን ነው።

ያገለገለ ገበያ ውስጥ ትልልቅ የጎን ሳጥን ያላቸው ሄልሜቶችም ሞልተዋል። የተሠሩት እንደ ሶኒ ሲኤክስ100 ላሉ የእጅ ቪዲዮ ካሜራዎች ነው። ዛሬ ያንን ሳጥን ይዞ መዝለል ለትንሽ ካሜራ ትልቅ መንጠቆ መሸከም ነው። ሳጥኑ ተነቅሎ ቀዳዳው በደንብ የሚደፈን ካልሆነ እለፉት።

ስፖንጁን አውጡ

ሄልሜቱ እጃችሁ ሲገባ ውስጡን ሳታዩ ስለ ዋጋ አታውሩ። የሚነቀል ስፖንጅ ካለው ንቀሉ። ከውጭ የሚያብረቀርቅ ቀለም ብዙ ነገር ይደብቃል። ውስጡ ግን አይዋሽም።

ጨለም ያለ ቦታ ላይ ሆናችሁ ከውስጥ የእጅ ባትሪ አብሩ። ከዚያ ከውጭ ቀስ ብላችሁ እዩ። በተለይ በብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ በጆሮ በኩል ባለው ጠርዝና የአገጭ ማሰሪያው ከቀፎው (ከሄልሜቱ ጠንካራ አካል) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆዩ። ከብሎን ቀዳዳ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የሚወጣ መስመር ካያችሁ፣ ያ ቀለም ብቻ ይሁን ቀፎው ራሱ በጥፍራችሁ ፈትሹ። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ስንጥቅ ነው።

ካርቦን ፋይበርና ፋይበርግላስ ሌላም ችግር አላቸው። ምት ሲያገኛቸው ከላይ ደህና መስለው ንብርብሩ ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል። ይህን ለማወቅ ሳንቲም ይዛችሁ ቀፎውን በሙሉ አንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ በድንገት የሚቀየርበት ቦታ ካገኛችሁ ያንን ሄልሜት መልሱ። ተጠግኖ ቀለም ተቀብቶ ከሆነም ሻጩ በግልጽ ይንገራችሁ።

ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። የቀድሞው ባለቤት ካሜራ በቀየረ ቁጥር አዲስ በስቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀዳዳ ሲጠጋጋ መሃላቸው ይደክማል። ከውስጥ በኩል ደግሞ የብሎን ጫፍ ወይም ዳዶ ጎልቶ መውጣት የለበትም። መሬት ላይ ስትወድቁ ያ ብሎን የሚገባው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው።

ስለ ምት መከላከል አትገምቱ፤ ጠይቁ። ብዙ የካሜራ ሄልሜቶች ምንም ዓይነት የምት ፈተና አላለፉም። ካሜራ እንዲይዙ እንጂ ምት እንዲችሉ አልተሠሩም። ኢኤን 966 የሚል ምልክት ካለ ለአየር ስፖርት በተዘጋጀው የአውሮፓ ደረጃ ተፈትኗል ማለት ነው። ለስካይዳይቪንግ የወጣ ኤክስፒ ኤስ 72-600 የሚባል የፈረንሳይ ደረጃም አለ፤ ኩኪ ጂ4 ይህን ያሟላል። ከሱ የቀደመው ጂ3 ግን የምት ደረጃ የለውም። ፎቶ ላይ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ሞዴሉን ከውስጥ ካለው ጽሑፍ አረጋግጡ። ፈተናውን ያለፈው ሄልሜት ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው ነው። በኋላ የተበሳ ከሆነ ምልክቱን አትመኑት።

መልቀቂያውን ፈትኑ

ለኔ የግዢው ሁሉ ወሳኝ ቦታ ይህ ነው። ጥሩ የካሜራ ሄልሜት የአገጭ መያዣውን በአንድ ጉተታ የሚፈታ መልቀቂያ አለው። ገመድ ካሜራውን ቢይዝ ዘላዩ ሄልሜቱን ጥሎ ራሱን ያድናል።

ሄልሜቱን አጥልቁና እስከ መጨረሻው አጥብቁ። በቀኝ እጅ ልቀቁት። እንደገና አስራችሁ በግራ እጅ ልቀቁት። ከዚያ ጓንት አድርጋችሁ ድገሙት። አሁን ጓደኛችሁ ካሜራው የሚቀመጥበትን ቦታ ይዞ ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ይሳበው፤ እናንተ በዚያ ጫና ውስጥ ልቀቁት። ብዙ መልቀቂያዎች ባዶውን ያለችግር ይሠራሉ፤ ሲጎተቱ ግን ይያዛሉ። ያ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው።

የመልቀቂያው ገመድ ተተርትሯል? ሽቦው ዝጓል? የማጥበቂያው ጥርሶች ተበልተዋል? እነዚህ የሚለወጡ ናቸው፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫው ዛሬም እንደሚገኝ አረጋግጡ። መልቀቂያ ጨርሶ የሌለው ሄልሜት ላይ ካሜራ መግጠም አልመክርም።

በቀጭን ገመድ ፈትሹ

ካሜራውና ማቆሚያው ሲገጠም እንዴት እንደሚሆን ለማየት ገጥማችሁ ሞክሩ። ከዚያ ቀጭን ገመድ አምጡ። ወፍራም ገመድ ያታልላል፤ የዛሬ ፓራሹቶች ገመድ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ የሚሆንም አለ። ገመዱን ወጠር አድርጋችሁ በሄልሜቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከጎን ወደ ጎን፣ ከታች ወደ ላይ ጎትቱ። የያዘበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ።

ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከካሜራው ማቆሚያ ሥር ያለው ክፍተት ነው። ቀጥሎ የማጥበቂያ ቁልፉ፣ የሌንሱ አንገትና ፎቶ ማንሻው ሽቦ ናቸው። ክፍተቱ በሚጠነክር ሙጫ ወይም በቴፕ የሚደፈን ከሆነ ችግር የለም። መልኩ ራሱ መንጠቆ ከሆነ ግን ቴፕ አያድነውም።

ፓራሹቱን አዝላችሁ ልኩን እዩ

ከቅንድብ በላይ የጭንቅላታችሁን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለኩና ከሄልሜቱ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ስታጠልቁት ጉንጭና ግንባር ላይ እኩል መጫን አለበት። ጭንቅላታችሁን ፈጠን አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ስታዞሩ ሄልሜቱ አብሮ ሳይዞር ወደ ኋላ ከቀረ ሰፊ ነው። ስፖንጅ በመጨመር የሚስተካከለው ጥቂት ልዩነት ብቻ ነው።

ከዚያ መነጽራችሁን አድርጉ፤ ፓራሹታችሁንም አዝሉ። ወደ ታች እዩ። የዋናውን ፓራሹት መቁረጫ (ዋናው ሲበላሽ የሚጣልበትን እጀታ) እና የመጠባበቂያውን እጀታ ታያላችሁ? አገጭ ላይ የሚቀመጥ ካሜራ ይህን እይታ ሊከልል ይችላል። አሁን ወደ ላይ ቀና በሉ። የሄልሜቱ የኋላ ጠርዝ ከፓራሹቱ ቦርሳ ጋር ከተጋጨ የተዘረጋ ፓራሹታችሁን በደንብ ማየት አትችሉም። ድምፅ የሚሰጥ የከፍታ መለኪያ ካላችሁ በጆሮ በኩል ያለው ኪስ ውስጥ አስገቡትና ልኩ መሆኑን እዩ።

ክብደቱንም መዝኑ። ፓራሹት በደህና ሲከፈት ሰውነት የክብደቱን ከ3 እስከ 4 እጥፍ ጫና ይሰማዋል። ሄልሜትና ካሜራ አንድ ላይ 1.5 ኪሎ ከሆኑ፣ በ4 እጥፍ አንገት ላይ 6 ኪሎ ይሆናሉ። ኃይለኛ አከፋፈት ደግሞ ከዚህ ብዙ ይበልጣል። ሁሉም ክብደት በአንድ ጎን ከሆነ አንገት ይጠመዘዛል። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ሄልሜቶች መካከል ብትወላውሉ ቀላሉን ውሰዱ።

በርቀት የምትገዙ ከሆነ

የሻጩ ፎቶ ከፊትና ከጎን ብቻ ከሆነ ተጨማሪ ጠይቁ። ስፖንጁ ወጥቶ የውስጥ ፎቶ፣ የእያንዳንዱ ቀዳዳ የቅርብ ፎቶ፣ የልክ ቁጥሩና የተሠራበት ዘመን ይላክላችሁ። ከሁሉ በላይ ሄልሜቱን አጥልቆ በአንድ እጅ ሲለቀው የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጠይቁ። ይህን ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሰበብ ከደረደረ መልሱን አገኛችሁ። "ወድቆ ወይም ተመትቶ ያውቃል?" ብላችሁም በጽሑፍ ጠይቁ።

ከገዛችሁ በኋላ ልምድ ላለው ቀራጭና ለአሠልጣኛችሁ አሳዩት። ገመድ ቢይዛችሁ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደምታደርጉም ከአሠልጣኛችሁ ጋር መሬት ላይ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። መጀመሪያ ያለ ካሜራ ዝለሉበት። ስትላመዱት ካሜራውን ገጥማችሁ ብቻችሁን ውጡ። ብሎኖቹን እንዳይላሉ የሚያደርግ ማጣበቂያ ቀቧቸው፤ በየዝላይ ቀኑ መጀመሪያም በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ፤ መልቀቂያውንም አንዴ ሞክሩት።