አዲሱ አርም ላፕቶፕ ሊኑክስን እምቢ ሲል

አንድ መምህር ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ ድረስ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ነው። ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጥግ ላይ «ስናፕድራጎን» የሚል ስቲከር ተለጥፎበታል። «ሊኑክስ ጫንልኝ» አሉኝ፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ነፃ ሲስተም ማለታቸው ነው። ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ እጨርሳለሁ አልኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ማሽን ደጋግሞ እጄ ገብቷል። ስናፕድራጎን አርም የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ነው፤ ስልኮቻችን የሚሠሩበት ዓይነት። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ቅኔ ነው። ሰሙ ላፕቶፕ፣ ወርቁ ስልክ። (ጎጃም ተቀምጦ ቅኔ ሳይጠቅሱ ማውራት ይከብዳል፤ ይቅር በሉኝ።) የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ኮምፒውተር ሲነሳ ውስጡ ምን ምን እንዳለ ራሱ ይናገራል፤ ሊኑክስም ያንን ሰምቶ ሥራውን ይጀምራል። አርሙም ይናገራል፣ ግን ዊንዶውስ ብቻ በሚገባው መንገድ ነው። ሊኑክስ ጨለማ ቤት እንደገባ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከታች የምጽፋቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመዘዛሉ።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ላፕቶፑን ገልብጡና ሙሉ የሞዴል ስሙን ወረቀት ላይ ጻፉ። «ስናፕድራጎን ኤክስ ኢሊት ነው» ማለት አይበቃም። አንድ ዓይነት ቺፕ ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ሊነሳ፣ ሌላው ድርቅ ሊል ይችላል።

ፍላሹ አይታይም፤ ወይም መርጣችሁት ተመልሶ ዊንዶውስ ይከፍታል

ሊኑክስ የሚጫነው ከኢንተርኔት የወረደውን ፋይል ፍላሽ ላይ ጽፎ፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ በማስነሳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያወረዳችሁት ፋይል ነው። ሊኑክስ ስታወርዱ ሁለት ስም ጎን ለጎን ይቀርብላችኋል፦ ኤኤምዲ64 እና ኤአርኤም64። በላቲን ፊደል ሲጻፉ መንትያ ይመስላሉ፤ የደከመ ዓይን አይለያቸውም። ኤኤምዲ64 የሚባለው ለኢንቴልም ጭምር ነው። እናንተ የምትፈልጉት ኤአርኤም64 ነው። ላፕቶፑ አርም መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብላችሁ ግቡና «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን መስመር አንብቡ።

ፍላሹንም ከፍቶ ማየት ይቻላል። «ኢኤፍአይ» ፎልደር ውስጥ «ቡት» የሚል ሌላ ፎልደር አለ። እዚያ ያለው የማስነሻ ፋይል ስሙ «ቡትኤኤ64» ከሆነ የአርም ነው። «ቡትኤክስ64» ብቻ ካለ ግን የሌላ ማሽን ፍላሽ ነውና ከእሱ ጋር አትታገሉ።

እኛ አካባቢ ሌላም ተጠርጣሪ አለ። ብዙ ጊጋ የሆነ ፋይል በሌሊት ፓኬጅ ሲወርድ መሀል ላይ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ ጠዋት ስትነሱ «ወርዷል» ይላል። አትመኑት። ከማውረጃው ጎን የተጻፈውን የሻ256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያረጋግጠውን) ከእናንተ ፋይል ቁጥር ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና ማውረድ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ፋይሉ ትክክል ሆኖም ካልተነሳ የሚጠረጠረው ሴኪዩር ቡት ነው፤ ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ዘበኛ። ከባዮስ፣ ማለትም ከላፕቶፑ ከራሱ የማስነሻ ሴቲንግ ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ ሺፍት ይዛችሁ ሪስታርት ስትሉ በሚመጣው ሰማያዊ ሜኑ በኩል ባዮስም ትገባላችሁ፣ ፍላሹንም ትመርጣላችሁ።

ግን ቆይ! መጀመሪያ የዲስኩን ቁልፍ። መምህሩ ላፕቶፕ ላይ ሴኪዩር ቡቱን አጥፍቼ ስመለስ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ጠየቀኝ። አዲስ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን ራሱ ይቆልፋል፤ ቁልፉም የሚቀመጠው አካውንቱ ላይ ነው። አካውንቱ ደግሞ የልጅየዋ ነበር። እኛ ዘንድ ረፋድ አራት ሰዓት ነው፣ እሷ ዘንድ ገና አልነጋም። መምህሩ ከኋላዬ ቆመው «አንተ ልጅ፣ አበላሸኸው እንዴ?» ይሉኛል። «ኧረ አልተበላሸም መምህር፣ ልጅዎ እስክትነቃ ነው» እላለሁ። አመሻሽ ላይ ደወለች። እሷ ቁጥሩን እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ፣ እሳቸው ከኋላ እየደገሙ ገባን። ሴኪዩር ቡቱን መልሼ ባበራው ኖሮ ምናልባት ሳይጠይቀኝ ይከፈት ነበር፤ ያኔ አልታየኝም። እናንተ ቁልፉን አስቀድማችሁ ጻፉ። ወይም ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ የዲስኩን ኢንክሪፕሽን አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ፤ ይኼ ወደታችም ይጠቅማችኋል።

ሜኑው ይመጣል፤ ሊኑክስን ስትመርጡ ስክሪኑ ይጠቁራል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ግራብ የሚባለው የመምረጫ ሜኑ ቆንጆ ሆኖ ይመጣል። ኢንተር ትጫናላችሁ። አንድ ሁለት መስመር ይጻፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ፍላሽ የሚገዛ አለ። ፍላሹ ምንም አልሆነም።

የጎደለው ካርታ ነው። አርም ላይ ሊኑክስ የሚመራበት ዲቫይስ ትሪ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። ስክሪኑ በየት በኩል እንደተያያዘ፣ ኪቦርዱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ የትኛው ቺፕ በስንት ቮልት እንደሚሠራ የተጻፈው እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል ለየብቻ ይዘጋጃል፤ ሞዴሉን ጻፉ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። የኤክስ ኢሊት ላፕቶፖች ገበያ የወጡት ሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። የአሱስ ቪቮቡክ ኤስ15 እና የሌኖቮ ዮጋ ስሊም 7ኤክስ ካርታ ዋናው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የገባው በ6.11 ስሪት ነው። ዴቢያን 12 (ዴቢያን ከሊኑክስ ስርጭቶች፣ ማለትም ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው) ደግሞ ከርነሉ 6.1 ነው። ስለዚህ «ዴቢያን የታመነ ነው» ብላችሁ 12ን ብትጭኑ ለእነዚህ ማሽኖች ካርታ የለውም፤ የቁጥሮቹን ርቀት እዩት።

ቀላሉ መንገድ አዲስ ስሪት መያዝ ነው። ሌላው ስርጭት ኡቡንቱ ከ25.04 ጀምሮ ለአርም ዴስክቶፕ አንድ ወጥ ፋይል ያወጣል፤ ስናፕድራጎን ላፕቶፖችንም ታሳቢ ያደረገ ነው። (ቁጥሩ የፈረንጆቹ ዓመትና ወር ነው፤ 25.04 ማለት የ2025 ሚያዝያ።) እኔ ለመምህሩ በመጨረሻ የተሳካልኝ በዚህ ነው።

በሌላ ስርጭት መሞከር የፈለገ ካርታውን በእጁ ይሰጠዋል። ግራብ ላይ ሳላችሁ «ኢ» የሚለውን የላቲን ፊደል ተጫኑ። «ሊኑክስ» ብሎ ከሚጀምረው መስመር በታች አዲስ መስመር ክፈቱ፣ «ዲቫይስትሪ» የሚለውን ትእዛዝ አንድ ቃል አድርጋችሁ በላቲን ጻፉና የሞዴላችሁን ካርታ ፋይል አድራሻ አስከትሉ። ፋይሉ መጨረሻው ዲቲቢ የሚል ነው። ከዚያ ኤፍ10።

ካርታው ኖሮም ስክሪኑ ትንሽ በርቶ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከርነሉ ተነስቶ ሲጨርስ ማንም አልያዛቸውም ያላቸውን የሰዓት ምልክቶችና የኃይል መስመሮች ያጠፋል። ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት እየዞረ እንደሚያጠፋ ቆጣቢ አባወራ ማለት ነው። ችግሩ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ አለ። «ሊኑክስ» በሚለው መስመር መጨረሻ ሁለት ቃል ጨምሩለት። አንደኛው ሲኤልኬ፣ ኢግኖር፣ አንዩዝድ፤ ሁለተኛው ፒዲ፣ ኢግኖር፣ አንዩዝድ። የየራሳቸው ሦስት ክፍል በታችኛው ሰረዝ ይያያዛል፣ በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ ይኖራል። አባወራው እጁን ይሰበስባል።

መጫን ጀምሮ መሀል ላይ ፍላሹ ይጠፋዋል

አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ኤዲኤስፒ የምትባል ትንሽ ረዳት ፕሮሰሰር አለች። ድምፅን፣ ባትሪን፣ የዩኤስቢ ሲ ሶኬቶችን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሊኑክስ እሷን ሲቀሰቅሳት ሶኬቶቹ ለቅጽበት ይቋረጣሉ። ሊኑክስ ደግሞ የሚሠራው ከዚያው ሶኬት ላይ ካለው ፍላሽ ነው። የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ቆረጠ ማለት ነው። ለእነዚህ ላፕቶፖች የተዘጋጁ ፋይሎች ጭነቱ እስኪያልቅ ኤዲኤስፒን እንዳትነሳ ያደርጓታል፤ መፍትሄውም እነሱን መጠቀም ነው።

ባትሪው ስንት እንደቀረው አይታይም፣ ድምፅ የለም፣ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል

በመጫኛው ጊዜ ባትሪው ባይታይ አትደንግጡ፤ ኤዲኤስፒ ተኝታለች። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ባትሪው ሳይታያችሁ እየጫናችሁ ነው፣ መብራት ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ሳላችሁ መቶ ሙሉት፣ ከዚያ ጀምሩ።

ተጭኖ ካለቀ በኋላም ካልታየ የጎደለው ፈርምዌር ነው፤ ቺፖቹ ራሳቸው የሚሠሩበት ሶፍትዌር ማለት ነው። የኤዲኤስፒ እና የግራፊክስ ፈርምዌር በላፕቶፑ አምራች የተፈረመ ነው። ለብዙ ሞዴሎች በነፃ እንዲሰራጭ ስላልተፈቀደ ከሊኑክስ ጋር አብሮ አይመጣም። የት አለ? ዊንዶውሱ ውስጥ።

እኔ ይኼን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከመምህሩ በኋላ የመጣልኝን ሌላ ማሽን «ዊንዶውስ ምን ያደርጋል» ብዬ ዲስኩን ሙልጭ አድርጌ ፎርማት አደረግኩት። ሊኑክሱ ተነሳ። ባትሪ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ቪዲዮው እንደ ስላይድ ነው። ፈርምዌሩ አብሮ ሄዷል። የዊንዶውስ ማስመለሻ ፋይል በብዙ ጊጋ እንደገና አውርጄ ነው ያስተካከልኩት፤ የዳታውን ሂሳብ ለባለቤቱ አልነገርኩትም።

ስለዚህ ዊንዶውሱን አታጥፉ። ከዲስክ ማኔጅመንት ላይ ቦታ ቆርሳችሁ ሊኑክሱን ጎን ላይ አስቀምጡት። ኡቡንቱ ላይ «ኪውኮም ፈርምዌር ኤክስትራክት» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከዊንዶውሱ ክፍል የሚያስፈልገውን ለቅሞ ያመጣል። ዲስኩ አስቀድሞ ከተከፈተ ሥራው ይቀላል። በእጅ መሥራት የፈለገ ደግሞ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስቶር፣ ፋይልሪፖዚቶሪ እያለ ይግባና መጨረሻቸው ኤምቢኤን የሆኑ ፋይሎችን ይፈልግ። ከዚያ ሪስታርት።

ዋይፋይ እና ብሉቱዝ

ዋይፋዩ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ የሊኑክስ ፈርምዌር ፓኬጅ አሮጌ ነው። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን) አብሩ፤ ሊኑክስ ምንም ሳይጫንለት ያውቀዋል። በእሱ ፓኬጁን አድሱ። ብሉቱዙ ደግሞ አንዳንዱ ማሽን ላይ ትክክለኛ አድራሻ ስለማይሰጠው ይጠፋል፤ አድራሻውን በእጅ ስትሰጡት ይነሳል።

ፕሮግራሙ ወረደ፣ ግን አይከፈትም

«ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» የሚል ካመጣ ፕሮግራሙ የኢንቴል ነው። የአርም ስሪቱን ፈልጉ። ፋየርፎክስ አለ፣ ክሮሚየም አለ፣ ሊብሬ ኦፊስ አለ። የአርም ስሪት የሌላቸውን የኢንቴሉን ለአርም በሚተረጉሙት በቦክስ64 ወይም በፌክስ አማካይነት ማስኬድ ይቻላል፤ ለከባድ ሥራ ግን አልመክርም።

መምህሩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አማርኛ መጻፊያ ነው፤ የለመዱት ፓወር ግዕዝን ነው። እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ማስተዳደሪያ ውስጥ ኤም17ኤን የሚባለውን የቋንቋዎች መጻፊያ ስብስብ ጨምሩ፣ ከዚያ የአማርኛውን «ሴራ» ምረጡ። «ሰ» እና «ላ» እንደ ድምፃቸው በላቲን ይጻፋሉ። አርም ስለሆነ የሚለወጥ ነገር የለም፤ በጠቅላላው ሥራ ያላስቸገረኝ ይኼ ብቻ ነው።

ማክ ከሆነስ?

ኤም1 እና ኤም2 ማክ ላይ ፍላሽ ሰክታችሁ አትድከሙ። መንገዱ ሌላ ነው፤ አሳሂ ሊኑክስ የሚባለው ከራሱ ከማክ ተርሚናል ላይ ተነስቶ ይጫናል። መጫኛው ሲጨርስ ማሽኑን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በችኮላ ፓወሩን ነክቶ ይለቅና ማኩ ይመለስበታል። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጥቂት ታገሱ፣ ከዚያ ፓወሩን ተጭናችሁ ሳትለቁ የማስነሻ አማራጮች እስኪመጡ ያዙት።

የማይስተካከለውን ስለ መተው

ካሜራው ብዙ ሞዴል ላይ አይሠራም። ክዳኑ ተዘግቶ ባትሪው ከዊንዶውሱ ይልቅ ቶሎ ያልቃል። ይኼ የእናንተ ስህተት አይደለም። ቱክሲዶ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሥራው ራሱ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ መሸጥ ነው። እሱ እንኳ ስናፕድራጎን ኤክስ ኢሊት ላይ ላፕቶፕ ለመሥራት ከአንድ ዓመት በላይ ታግሎ በ2025 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ ፕሮጀክቱን ተወው። ባትሪው የታሰበውን ያህል አለመቆየቱ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክልህ?» ካላችሁና ሊኑክስ ከፈለጋችሁ፣ ያገለገለ ኢንቴል ቲንክፓድ በሉት።

መምህሩ በሦስተኛው ቀን መጡ። ባትሪው ይታያል፣ ዋይፋዩ ይሠራል፣ አማርኛው ይጻፋል። ከፈቱና ሁሉንም አንድ በአንድ ነካኩ።

«ካሜራውስ?»

«ካሜራው ገና ነው መምህር።»

«ታዲያ ልጄን በምን ልያት?»

«ዊንዶውሱን አላጠፋሁትም። እሁድ ሲደውሉላት እዚያ ይግቡ።»