«እኔን ነው?» ስትሉ

ጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ስትጠብቁ አንዱ ቀድሟችሁ ዘሎ ገባ እንበል። ደማችሁ ፈላ፤ «እኔን ነው?» ምላሳችሁ ላይ ደረሰ። (ጎንደሬ ኩሩ ነው ይባላል፤ አንዳንዴ እናበዛዋለን።) አፍ ከመክፈታችሁ በፊት በሆዳችሁ «ንዴት፣ ንዴት» በሉ። አትጨቁኑት፣ አታባብሉትም። የመንጋጋችሁን መጨበጥ፣ የደረታችሁን ሙቀት ልብ በሉ፤ ቀስ እያለ ይበርዳል።

ይህን የስሜትን ስም በሆድ የመጥራት ዘዴ በሰፊው ያስተማሩት የበርማው የቡድሃ መነኩሴ ማሃሲ ሳያዶ (1904–1982 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በቡድሂዝም ትምህርት መጀመሪያ ስሜት ይመጣል፣ ምኞት ይከተላል፤ መሃል ላይ ስሙን መጥራት ፋታ ይሰጣል። ለሲጋራም ሞክሩት፤ እጃችሁ ወደ ኪስ ሲሄድ «አማረኝ፣ አማረኝ» ማለት ነው። ሃይማኖት ቀይሩ የሚላችሁ የለም። በትንንሹ ጀምሩ፤ የአማቶቻችሁን ነገር ለኋላ አቆዩት።