የአቃቂን ውሃ ወደ ማሳ ከመጥለፋችሁ በፊት ፊላ ትከሉ

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። የቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም፣ እርሳሱ፣ ካድሚየሙ አብሯቸው ይወርዳል። በዚህ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ለምታለሙ ሰዎች ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፊላ፣ ያ ረግረግ ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ብረቱን (ክሮሚየሙን፣ እርሳሱን፣ ካድሚየሙን ማለቴ ነው) አያጠፋውም፣ ይይዘዋል እንጂ። ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል ውሃው ይሰክናል፤ ብረት የተጣበቀበት ደቃቅ ደለልም ይዘቅጣል። ቀሪው የስሩ ሥራ ነው። አንድ ፊላ ነቅላችሁ ስሩን እዩት። ጭቃው ጥቁር ሆኖ ሳለ ስሩ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡኒ ሽፋን ታገኛላችሁ፤ ተክሉ አየር ወደ ታች ስለሚልክ በስሩ ዙሪያ ያለው አይረን ዝጎ ነው፣ እርሳስና ዚንክም የሚጣበቁት እዚያ ዝገት ላይ ነው። በባህር ጠረፍ የጨው ረግረግ ላይ የሚበቅሉ ሳሮችም ወንዙ ባህር በሚገባበት ጭቃ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ከወንዙ የሚመጣው ቦይ ቀጥታ መደብ ላይ አይፍሰስ። መሀል ላይ ረዘም ያለ ኩሬ ቆፍሩ፣ የውሃው ጥልቀት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ክረምቱ ሲወጣ ፊላውን ከነስሩ እየቆረጣችሁ በግማሽ ሜትር ርቀት ትከሉ። እምቦጭ ግን በጭራሽ አታስገቡ። ብረት ይመጥጣል፣ እውነት ነው፤ ግን አንዴ ከገባ የሚያቆመው የለም።

ዋናው ነገር ጭቃው እንዳይደርቅ ነው። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ብረቱን አስሮ የያዘው ሰልፈር ነው። በበጋ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ አየር ይገባዋል፣ ብረቱ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ጠርጎ ማሳችሁ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሃ ቢያጥርም ኩሬው እርጥብ ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጎርፉ ደለሉን እንዳያነሳው የቦዩን አፍ ዝጉት፤ ያኔ ዝናብ አለላችሁ።

ደለሉን «ለም አፈር ነው» ብሎ መደብ ላይ የሚበትን ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አታድርጉት! አብዛኛው ብረት ስሩና ጭቃው ውስጥ ስለሚቀር ፊላውን አትንቀሉ፣ ላዩን ብቻ እጨዱ። ያጨዳችሁትን ለከብት አትስጡ፣ ለማገዶም አታድርጉት። እዚያ የበቀለ ቄጠማም ለበዓል ጉዝጓዝ አይሸጥ።

ውሃ ውስጥ የሟሟው ብረት በከፊል ማለፉ አይቀርም። ለዚህ የሚረዳው የምትዘሩትን መምረጥ ነው። ቆስጣና ሰላጣ ካድሚየምን ቅጠላቸው ውስጥ ያከማቻሉ፣ በኮምጣጤ ብታጥቡትም አይወጣም። ቲማቲምና በቆሎ ፍሬያቸው ውስጥ የሚያስገቡት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለወንዙ ቅርብ የሆኑትን መደቦች ለእነሱ ስጧቸው።