ለትንሽ የብሮውዘር ጌም ሙዚቃ፦ መቼ ያስፈልጋል፣ እንዴት ይገባል

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 2048 እና በ2021 የተለቀቀው ዎርድል ሚሊዮኖች በብሮውዘር የተጫወቷቸው ጌሞች ናቸው። ሲወጡ ሁለቱም ሙዚቃ አልነበራቸውም፤ ጎደለ ያለም አልተሰማም። በ2012 የወጣው ሱፐር ሄክሳጎን ደግሞ ሙዚቃውን አጥፍታችሁ ብትጫወቱት ሌላ ጌም ይሆንባችኋል። ስለዚህ «ሙዚቃ ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ብዙ አያራምድም። መታየት ያለበት ተጫዋቹ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ ነው።

ቃል የሚፈልግ፣ ቁጥር የሚያጋጥም ወይም ገበጣ የሚያሰላ ሰው የሚያስበው በጭንቅላቱ ውስጥ እየተናገረ ነው። ግጥም ያለው ዘፈን ከዚህ ንግግር ጋር ይሻማል። እንዲህ ዓይነት ጌም አብዛኛውን ጊዜ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ወይም ሰው በተኛበት ክፍል ስለሚከፈትም ድምጹ ገና ከመጀመሪያው ዝግ ነው። ለእነዚህ ጥቂት ጥሩ ሳውንድ ኢፌክት ይበቃል። የሚያሯሩጥ፣ የሚያዘልልና የሚያስተኩስ ጌም ግን እጅ የሚከተለው ምት ይፈልጋል። ሰፊ ቦታ እየዞሩ የሚያዩበት ጌም ያለ ምንም ድምጽ ባዶ ቤት ይመስላል፤ ሆኖም እዚያ የነፋስና የዝናብ ድምጽ ብቻውን ከሙዚቃ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

የ1978ቱን ስፔስ ኢንቬደርስ አስቡት። ሙዚቃው እየተደጋገሙ የሚወርዱ አራት ወፍራም ኖታዎች ናቸው፤ ወራሪዎቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ይፈጥናሉ። ጌሙን የሚከተሉ አራት ኖታዎች፣ ጌሙ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ከማያውቅ የሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ይበልጣሉ።

መጀመሪያ በዝምታ ሞክሩ

ሙዚቃ ከመፈለጋችሁ በፊት ጌሙን በሳውንድ ኢፌክት ብቻ ጨርሱት፦ መንካት፣ መምታት፣ ማግኘት፣ መሸነፍ፣ ማሸነፍ። ከዚያ አምስት ሰዎች ያለ ሙዚቃ ሲጫወቱ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አትናገሩ። ተጫዋቹ በዙሮች መካከል ባለው ጥበቃ ላይ ከተሰላቸ ወይም ፍጥነቱ ሲጨምር ምንም ውጥረት ፊቱ ላይ ካልታየ፣ ሙዚቃ የሚሞላው ቦታ አለ ማለት ነው። ያቆመው ሕጉ ስላልገባው ወይም በተኑ እምቢ ስላለው ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ያልበሰለ ወጥ ጨው ስለጨመሩበት አይበስልም።

ርዝመቱን በባር አስሉት

ሉፕ ሲያልቅ ከመጀመሪያው የሚደገም ሙዚቃ ነው፤ ባር ደግሞ ሙዚቃው የሚከፈልበት እኩል የምቶች ስብስብ ነው። ጥሩ ሉፕ የሚያልቀው ባር ሲሞላ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 60ን ለቴምፖው (በደቂቃ ለሚመቱት ምቶች ብዛት) አካፍሉ፣ በአንድ ባር ውስጥ ባሉት ምቶች አባዙ፣ ከዚያ በባሮቹ ብዛት። በ120 ቴምፖ፣ በአራት ምት፣ አንድ ባር 2 ሰከንድ ነው፤ 32 ባር 64 ሰከንድ ይሆናል። በ90 ቴምፖ ደግሞ 24 ባር በትክክል 64 ሰከንድ ይሰጣል።

በችክችካ ምት፣ ማለትም በ6/8፣ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አብዛኛው የሙዚቃ ሶፍትዌር ቴምፖን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ስለሆነ አንድ የ6/8 ባር ሦስት ሩብ ኖታ ነው። ስለዚህ በ120 ቴምፖ አንድ ባር 1.5 ሰከንድ፣ 40 ባር ደግሞ 60 ሰከንድ ነው። ስሌቱን በስሜት ከገመታችሁት ሉፑ ሲመለስ ከበሮው ያነክሳል።

ምን ያህል ይርዘም? አንድ ዙር ከአንድ ደቂቃ በታች ከሆነ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይበቃል። ተጫዋቹ አንድ ደረጃ ላይ አሥር ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ የ20 ሰከንድ ሉፕ 30 ጊዜ ይሰማዋል፤ ያኔ ድምጹን ይዘጋል ወይም ጌሙን። ቀድሞ የሚሰለቸው ዜማው ነው፤ ባሱና ከበሮው ብዙ ይታገሳሉ። ስለዚህ ዜማውን በሉፑ ግማሽ ላይ ብቻ አድርጉት፤ ሌላው ግማሽ ይተንፍስ።

በየ15 ሰከንዱ የሚሞቱበት ጌም ከሆነ ሲሞቱ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው አታስነሱት። እንዲህ ካደረጋችሁ የ64 ሰከንዱ ሥራ ሁሉ ቀርቶ ተጫዋቹ የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን 15 ሰከንዶች ብቻ ይሆናል። ሙዚቃው ይቀጥል። ሞቱን ለማሳየት ከ600 ሄርዝ በላይ ያለውን ለአንድ ሰከንድ የሚቆርጥ ፊልተር አስገቡና መልሱት፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ የወጣ ያህል ይሰማል።

ቅኝት እና ንብርብር

ሙዚቃው ጌሙን እንዲከተል ከፈለጋችሁ አንዱን ሉፕ በሦስት ፋይል ከፍላችሁ አውጡት፦ ከበሮና ባስ፣ አጃቢ፣ ዜማ። ሦስቱም እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ በአንድ ቅጽበት ይነሱ። የማይፈለገው ድምጽ 0 ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይሮጣል፤ አደጋ ሲመጣ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ከፍ ይላል። «ሲያስፈልግ አስነሳዋለሁ» ያለ ሰው ንብርብሮቹ ምት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ያያል።

ለዚህ ሥራ የትዝታ ቅኝት ሜጀሩ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) የታወቀ ጥቅም አለው። በኖታዎቹ መካከል ግማሽ ቶን ስለሌለ ማንኛውም ሁለት ኖታ አብሮ ቢወድቅ ጆሮ አይቧጭርም። ተጫዋቹ ሳንቲም ባነሳ ቁጥር በዘፈቀደ አንድ ኖታ የሚመታ ኮድ ብትጽፉ እንኳ ከዜማው ጋር ይስማማል። አንቺ ሆዬ ግን ግማሽ ቶን አለበት፤ በዘፈቀደ ሲነካ ይጋጫል፣ አስባችሁ ስትጠቀሙበት ግን ለአደጋና ለጥርጣሬ ቦታ ከእሱ የሚሻል አይገኝም።

ሉፑን ያለ ስንጥቅ መቁረጥ

ሉፕ ሲመለስ የሚሰማው ችግር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅጭ የሚል ድምጽ ነው፤ የሚመጣው ሞገዱ ዜሮ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ ስለተቆረጠ ነው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምጽ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ የመረጣችሁትን ክፍል ይዛችሁ የዜድን ቁልፍ ብትጫኑ የምርጫው ጫፎች በአቅራቢያው ወዳለው ዜሮ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ይህ ርዝመቱን በጥቂቱ ስለሚለውጥ ለከበሮ ሉፕ አይመከርም። ሁለተኛው ችግር የገደል ማሚቶው መቆረጥ ነው፦ የመጨረሻው ኖታ ገና እያስተጋባ ሳለ ሉፑ ወደ ደረቅ መጀመሪያ ይዘላል።

ሁለቱንም አንድ መላ ይፈታቸዋል። ሙዚቃውን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ በአንድ ረጅም ፋይል አውጡ። ከዚያ ከሁለተኛው ዙር መነሻ ጀምራችሁ ሙሉውን ሁለተኛ ዙር እና ከሦስተኛው አንድ ሰከንድ ቁረጡ። ለ64 ሰከንድ ሉፕ ፋይሉ 65 ሰከንድ ይሆናል። በኮዱ ውስጥ የሉፕ መነሻውን 0.5፣ የሉፕ ማብቂያውን 64.5 አድርጉ። የሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የአንደኛውን ማሚቶ ስለያዘ መጋጠሚያው አይታወቅም።

ይህ መላ ኤምፒ3ንም ያድናል። ኤምፒ3 ድምጹን የሚያሽገው እያንዳንዳቸው 1,152 ናሙና (የድምጽ ሞገዱ ነጠላ ልኬት) ባላቸው ፍሬሞች ስለሆነ ፊትና ኋላ ባዶ ይጨምራል። በጥሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ካሽከረከራችሁት በየዙሩ ትንሽ እንቅፋት ይሰማል። ከላይ እንዳልነው ከውስጥ ሲሽከረከር ግን ባዶው ጫፍ ጭራሽ አይነካም። ኦግ ቮርቢስ የሚባለው ሌላ የድምጽ ፋይል ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፤ ሳፋሪ ግን ለረጅም ዓመታት አያነበውም ነበር። አንድ ፋይል ብቻ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ኤምፒ3 ከነመላው ይሻላል።

ክብደት

ያልታሸገ ዌቭ ፋይል፣ በሰከንድ በ44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት ስቴሪዮ፣ በሰከንድ 176,400 ባይት ይበላል፤ 64 ሰከንዱ 11 ሜጋባይት ያልፋል። ያው ሙዚቃ በ96 ኪሎቢት ኤምፒ3 768 ኪሎባይት ገደማ ነው። ጌም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያወጡበት ድረ ገጽ ኢች.አዮ ተፈትቶ እስከ 500 ሜጋባይት የሚደርስ የብሮውዘር ጌም ይቀበላል፤ ይህ ግን ፈቃድ እንጂ ምክር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ጥቅል የሚጫወት ሰው እያንዳንዱን ሜጋባይት ከኪሱ ይከፍላል። ሙዚቃው ጌሙ እስኪከፈት አያስጠብቅ፤ መጀመሪያ ጌሙ ይነሳ፣ ሙዚቃው ከኋላ ይውረድ፣ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይግባ።

የሚረሳው ሌላው ክብደት ሜሞሪ ነው። የታሸገው ፋይል ሲፈታ እያንዳንዱ ናሙና 4 ባይት ይሆናል። 64 ሰከንድ ስቴሪዮ በ48,000 ናሙና ወደ 24.6 ሜጋባይት ይሰፋል፤ ሦስት ንብርብር ደግሞ ወደ 74። በርካሽ ስልክ ላይ ገጹ በራሱ እንደገና እየተከፈተ ካስቸገረ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ሞኖ ማድረግ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ በስልክ ስፒከር ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም።

ፋይል ጭራሽ ላለመጠቀምም ይቻላል። ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ጄኤስ13ኬ ውድድር ጌሙ ከነሙዚቃው ታሽጎ ከ13 ኪሎባይት ማለፍ የለበትም። ተወዳዳሪዎቹ ሳውንድቦክስ እና ዚዚኤፍኤክስኤም በመሳሰሉ መሣሪያዎች ኖታዎቹን ብቻ ጽፈው ድምጹን ኮዱ ራሱ እንዲፈጥር ያደርጋሉ።

ብሮውዘሩ ዝም ሲያሰኛችሁ

«ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ጋ ድምጽ የለም» የሚለው እሮሮ መነሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ክሮም ከ2018 ወዲህ ተጠቃሚው ገጹን ሳይነካ ድምጽ አያስጀምርም፤ ሌሎቹ ብሮውዘሮችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ኦዲዮ ኮንቴክስቱ (ዌብ ኦዲዮ በሚባለው የብሮውዘር የድምጽ ሥርዓት ውስጥ ድምጹን የሚያስኬደው ክፍል) ታግዶ ይፈጠራል፤ ለተጫዋቹ ምንም የስህተት መልእክት አይታይም። መፍትሔው «ጀምር» የሚል በተን አስቀምጦ፣ በተኑ ሲጫን ሪዙም የሚባለውን ትዕዛዝ መጥራት ነው። ትዕዛዙን ከክሊክ ጋር እሰሩት እንጂ ጣት ስክሪኑን መንካት ሲጀምር ከሚነሳው ክስተት ጋር አታያይዙት፤ ክሮም ያንን እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም።

አይፎን ሁለት የራሱ አመል አለው። የኦዲዮ ኤለመንትን ድምጽ ከኮድ ከፍና ዝቅ ማድረግ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ድምጽ ማደብዘዝ የሚቻለው በጌይን ኖድ፣ ማለትም በዌብ ኦዲዮ የድምጽ መጠን መቆጣጠሪያ፣ በኩል ነው። የስልኩ የድምጽ ማጥፊያም የዌብ ኦዲዮን ድምጽ ሊዘጋ ይችላል። ሞካሪ «አልሰማም» ሲል ኮዱን ከመበታተን በፊት ይህን ጠይቁት።

ተጫዋቹ ወደ ሌላ ታብ ሲሄድ ሙዚቃው ይቁም፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥል። የገጹ መታየትና አለመታየት ሲለወጥ የሚነሳውን ክስተት መስማት በቂ ነው።

መጠንና ማጥፊያ

ሙዚቃውን ከ0 እስከ 1 ባለው የድምጽ መጠን በ0.35 አካባቢ ጀምሩትና ዋናዎቹ ኢፌክቶች ከ8 እስከ 10 ዴሲቤል ከፍ ብለው እስኪሰሙ አስተካክሉ። አሁንም ከተዋጡ ድምጻቸውን ከመጨመር ይልቅ ከሙዚቃው ላይ ከ2 እስከ 4 ኪሎሄርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ቀንሱ፤ የመንካትና የመምታት ድምጽ የሚኖረው እዚያ ነው። ባሱን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ አትመዝኑት። ከ200 ሄርዝ በታች ያለው ከትንሽ ስልክ ስፒከር እምብዛም አይወጣም፤ ሙዚቃችሁ ባስ ላይ ብቻ ከቆመ ስልክ ላይ ይጠፋል።

የሙዚቃና የኢፌክት ማጥፊያዎቹ የተለያዩ ይሁኑ። ብዙ ሰው የራሱን ዘፈን እየሰማ መጫወት ይወዳል፤ ኢፌክቱን ግን ይፈልገዋል። ምርጫውን በሎካል ስቶሬጅ (ብሮውዘሩ በራሱ በሚያስቀምጥበት ማከማቻ) አስቀምጡለት፤ በየቀኑ እየገባ ያንኑ በተን የሚጫን ተጫዋች ብዙ አይመላለስም። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውሲኤጂም ከ3 ሰከንድ በላይ በራሱ የሚሰማ ድምጽ ማቆሚያ ወይም ማስተካከያ እንዲኖረው ያዛል፤ ማየት የተሳነው ሰው ስክሪኑን የሚያነብለትን ድምጽ ሙዚቃው ይሸፍንበታልና።

የሰው ሙዚቃ ከሆነ

ሲሲ (ክሬቲቭ ኮመንስ) ሠሪዎች ሥራቸውን ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የሚፈቅዱባቸው ላይሰንሶች ስም ነው። ሲሲ ዜሮ ላይሰንስ ያለውን እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙ። ሲሲ ባይ ከሆነ የሠሪውን ስም፣ የሥራውን ርእስና ላይሰንሱን ጌሙ ውስጥ በሚታይ ቦታ ጻፉ። ኤንሲ የሚል ከተጨመረበት ለንግድ አይፈቀድም፤ ማስታወቂያ የምታስገቡበት ጌም ላይ አታድርጉት። ኤንዲ ካለበት ደግሞ ቆርጣችሁ ሉፕ ማድረግ ራሱ ማሻሻል ስለሆነ ተዉት።

የድሮ የሀገር ቤት ሙዚቃ «የሕዝብ ነው» እየተባለ ይወሰዳል። ዜማው ባህላዊ ሊሆን ይችላል፤ ሸክላው ወይም ካሴቱ ላይ ያለው ቅጂ ግን የተጫወተውና ያሳተመው ሰው መብት አለበት። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኞችንና የድምጽ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮችን ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ባህላዊውን ዜማ ከፈለጋችሁ ክራር የሚመታ ሰው ቀጥራችሁ እንደ አዲስ ቅዱት፤ ለጌም መጠቀም፣ መቆራረጥና ጌሙን መሸጥ እንደምትችሉ የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ከክፍያው በፊት ይፈረም። ከእያንዳንዱ የድምጽ ፋይል አጠገብም ከየት፣ መቼ፣ በምን ላይሰንስ እንደተገኘ የሚናገር አጭር ጽሑፍ አስቀምጡ፤ አንድ ቀን የቪዲዮ ድረ ገጽ የባለቤትነት ጥያቄ ሲያነሳ የምታቀርቡት እሱን ነው።